የአሜሪካ የወረርሽኝ ዘመን የሥራ አጥ ድጋፍ፦ በታክሲና በኡበር ሾፌር ሚዛን ሲመዘን

ዛሬ የምገመግመው የአሜሪካ መንግሥት በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ገቢያቸው ለተቋረጠባቸው ሰዎች የዘረጋውን የድጋፍ አገልግሎት ሲሆን፣ በተለይ የማየው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ በፓርኪንግ ጋራዥ፣ በሆቴልና በአየር ማረፊያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ከአገልግሎቱ ምን እንዳገኙና ምን እንደቀረባቸው ነው። አገልግሎቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ቀጣዩ ቀውስ ሲመጣ ሕግ አውጪዎች መጀመሪያ የሚያነሡት ይህንኑ አሠራር ስለሚሆን፣ ከተገልጋዩ ወገን ሆኖ መመዘኑ ዛሬም ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ፎርም መሙላት ለከበዳቸው ጎረቤቶችና ዘመዶች ማመልከቻ እሞላ ስለነበር፣ የምጽፈው ሕጉን ከማንበብም ፎርሙን ከመሙላትም ባገኘሁት ዕውቀት ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለገንዘቡ መጠን ከአምስት ኮከብ አምስቱን እሰጣለሁ፤ ለአመልካች አቀባበሉ ግን ከሁለት በላይ መስጠት አልችልም። ገንዘቡ ለጋስ ነበር፣ ብዙ ቤተሰብም ከመንገድ ላይ አድኗል። ሆኖም ማን ፈጥኖ እንደሚያገኝ፣ ማን ዘግይቶ እንደሚያገኝ፣ ማንስ ባዶ እጁን እንደሚመለስ የወሰነው ሰውየው ያጣው ገቢ ብዛት ሳይሆን በእጁ የነበረው የወረቀት ዓይነት ነው። በዚህም የተነሣ አስቀድሞ የነበረው የኑሮ ልዩነት፣ ልዩነቱን ለመድፈን በወጣው ሕግ ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ከወረርሽኙ በፊት የነበረው የሥራ አጥ መድን የተዘጋጀው በደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ ነው። ቀጣሪው በየሩብ ዓመቱ የሠራተኛውን ደመወዝ ለግዛቱ ያስታውቃል፣ የመድኑንም ግብር ይከፍላል፤ ሠራተኛው ሲቀነስ ግዛቱ መዝገቡን አይቶ፣ ከተወሰነ ጣሪያ ሳያልፍ፣ ከቀድሞ ደመወዙ ግማሽ ገደማ የሚሆን ሳምንታዊ ክፍያ ይቆርጥለታል። ሾፌሩ ግን በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ነጋዴ በመሆኑ፣ ስለ እርሱ ለግዛቱ ደመወዝ የሚያስታውቅ፣ ስለ እርሱም የመድን ግብር የሚከፍል አልነበረም። በማርች 2020 አጋማሽ ሆቴሎች ሲዘጉና በረራዎች ሲሰረዙ፣ በአየር ማረፊያ ወረፋ ለሰዓታት ቆሞ ተሳፋሪ ያጣው ሾፌር ሥራ አጥ ተብሎ የሚመዘገብበት ሕጋዊ ስም እንኳ አልነበረውም። ማርች 27 ቀን 2020 የተፈረመው የኬርስ ሕግ ይህን ክፍተት ደፈነ። የወረርሽኝ የሥራ አጥ ድጋፍ የተባለውንና ሰዉ ፒ.ዩ.ኤ እያለ የሚጠራውን አዲስ ፕሮግራም አቋቁሞ፣ በግል ሥራ የሚተዳደሩትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ደረጃ በወረርሽኝ ምክንያት የድጋፉ ተጠቃሚ አደረጋቸው። በዚያ ላይ ለማንኛውም የሥራ አጥ ክፍያ ተቀባይ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረ። ለአዋቂ 1,200፣ ለልጅ 500 ዶላር የሚደርሰውን የአንድ ጊዜ ክፍያም ፈቀደ።

ስለ 600 ዶላሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የአገልግሎቱ ጥንካሬም ድካምም በዚህ ቁጥር ውስጥ ይታያልና። የሕጉ ሐሳብ የእያንዳንዱን ሰው የቀድሞ ደመወዝ መቶ በመቶ መተካት ነበር፤ ነገር ግን የግዛቶቹ የኮምፒዩተር ሥርዓት ያን ስሌት ለእያንዳንዱ አመልካች ማውጣት አይችልም ተብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጭማሪ ተመረጠ። በአንዳንድ ግዛቶች ሥርዓቱ ከአሥርት ዓመታት በፊት ኮቦል በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር፣ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው በአደባባይ እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። ለሁሉም እኩል የሆነው ጭማሪ ዝቅተኛ ተከፋዩን ይበልጥ ጠቀመ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ክፍያው ከሚገባቸው ሠራተኞች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ከቀድሞ ደመወዛቸው የበለጠ ያገኙ ነበር። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው «ሰዉ ሥራ ይጠላል» ብለው የተከራከሩ ፖለቲከኞች ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የኖረች እናት ከደመወዟ የሚበልጥ ድጋፍ አገኘች ማለት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደመወዟ ምን ያህል ዝቅተኛ እንደነበር ያሳያል፤ በእነዚያ ወራትም ቤቷ እንድትቀመጥ የፈለገው መንግሥት ራሱ ነበር።

ውጤቱም በቁጥር ታይቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የመንግሥትን ድጋፍ ጨምሮ በሚለካው ተጨማሪ የድህነት መለኪያ፣ በ2019 11.8 በመቶ የነበረው የድሆች ቁጥር፣ የሥራ አጦች መጠን በአፕሪል ወር 14.7 በመቶ በደረሰበት በዚያው በ2020 ወደ 9.1 በመቶ ወረደ። ስቲሙለስ የተባለው የአንድ ጊዜ ክፍያ 11.7 ሚሊዮን፣ የሥራ አጥ ክፍያው ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ሰዎችን ከድህነት መስመር በላይ አድርጓል። በ2021 ለልጅ በየወሩ 250 እና 300 ዶላር ሲሰጥ የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ፣ ድጋፉ በተቋረጠ ማግስት በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመልሷል። ድህነት የፖሊሲ ምርጫ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም፤ አምስቱን ኮከብ የሰጠሁትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አቀባበሉ። በብዙ ግዛቶች ሾፌሩ ለፒ.ዩ.ኤ ከማመልከቱ በፊት ለመደበኛው የሥራ አጥ ክፍያ አመልክቶ «አይገባህም» የሚል ውሳኔ መቀበል ነበረበት። መደበኛው ማመልከቻ የመጨረሻ ቀጣሪህ ማን ነው፣ የቀጣሪው የግብር ቁጥር ስንት ነው፣ ለምን አሰናበተህ ብሎ ይጠይቃል። ቀጣሪ የሌለው ሰው የኡበርን ስም ልጻፍ ወይስ ባዶ ልተወው ብሎ ያመነታል፤ የኡበርን ስም የጻፈው ሰው ማመልከቻ ኩባንያው እንዲያረጋግጥ ተልኮ ለሳምንታት ይንጠለጠላል። እኔ በነበርኩበት ግዛት የነበረው ድረ ገጽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ቀን ስለሚቆም ከእኩለ ሌሊት በኋላ መግባት ግድ ነበር፤ የገባነውን ሁሉ አስገብተን ከጨረስን በኋላ «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሰን ነበር። ስልኩን የሚያነሣ ሰው ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነበር። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ አማርኛን የሚያካትት የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላላት ተገልጋዩ በአማርኛ የመስተናገድ መብት አለው። ወንዝ ተሻግሮ ወይም የከተማዋን ወሰን አልፎ የሚኖረው ወንድሙ ግን በአማርኛ የመስተናገድ መብቱ እንዲህ በግልጽ አልተጻፈለትም ነበር፤ የሚኖርበት ጎዳና የሚያገኘውን አገልግሎት ይለውጠው ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ በየሳምንቱ በሚሞላው ማረጋገጫ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ይመስለኛል። ሥራ ለመሥራት ብቁና ዝግጁ ነበርክ ወይ ይላል። የስኳር ሕመም ያለበትና ሐኪሙ ሰው እንዳትጭን ያለው ሾፌር በእውነተኛነት «አልነበርኩም» ብሎ ይመልሳል፤ እንዲህ ሲል የዚያ ሳምንት ክፍያ ይቆማል፣ ፋይሉም ወደ መርማሪ ይተላለፋል። ሕጉ እንደ እርሱ ላሉት ሰዎች ታስቦ የወጣ ቢሆንም፣ ጥያቄው ለመደበኛው ሥራ አጥ የተጻፈ ስለነበር ሐቀኛ መልስ ያስቀጣ ነበር። የእንግሊዝኛው የሕግ አነጋገር የገባው ሰው ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ያውቃል፤ ያልገባው ግን በሐቁ ተጎዳ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የክፍያው መጠን የሚሰላው ካለፈው ዓመት የግብር ማስታወቂያ ላይ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሾፌር ፖስታ ሙሉ ወረቀት ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉት፣ «ጋሼ፣ የ2019 ታክስዎን ይዘውታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ፤ አንተ የምትፈልገውን ፈልግ» አሉኝ። የምፈልገው የግል ነጋዴ ገቢና ወጪ የሚገለጥበት፣ ሼጁል ሲ የሚባለው ገጽ አንድ መስመር ነበር፤ የተጣራ ትርፍ የሚጻፍበት፣ መስመር 31። ጣቴን እዚያ ላይ ሳደርግ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህ እኮ ለታክስ ነው እንጂ የኖርኩበት ገንዘብ አይደለም» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ለምን ልክ እንደነበሩ በምሳሌ ላስረዳ።

አንድ የኡበር ሾፌር በ2019 ተሳፋሪዎች የከፈሉት ድምር 52,000 ዶላር ነው እንበል። ከዚህ ላይ ኩባንያው 13,000 ወስዶ 39,000 በባንክ ሒሳቡ ገባ። በዚያ ዓመት 40,000 ማይል ነድቶ ከሆነ፣ ሕጉ በማይል 58 ሳንቲም ወጪ እንዲቀንስ ስለሚፈቅድለት 23,200 ዶላር ይቀነሳል፤ መስመር 31 ላይ የሚጻፈውም 15,800 ይሆናል። ይህ ቅናሽ ሕጋዊ ነው፤ ማንኛውም ታክስ ሠሪ ሳያስገባው አያልፍም። ነገር ግን የማይሉ ተመን የመኪናውን እርጅናም ስለሚጨምር፣ ቤንዚንና ጥገናውን ራሱ የሚቆጣጠር ሾፌር በዓመቱ ከኪሱ በእውነት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል፤ ቤተሰቡ የኖረበት ገንዘብ ከ15,800 ይበልጣል ማለት ነው። በሜሪላንድ ስሌት አንድ ሰው ከፍተኛ ገቢ ያገኘበት ሩብ ዓመት ለ24 ተካፍሎ ሳምንታዊ ክፍያው ይወጣል። ዓመቱን በእኩል የሠራ ሾፌር ገቢው በዚሁ መንገድ ቢሰላ 165 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል፤ የፒ.ዩ.ኤ ዝቅተኛ ክፍያ 176 ስለነበር እርሱን ይይዛል። ያንኑ 39,000 ዶላር በደመወዝ ቼክ የሚያገኝ የሆቴል ሠራተኛ ግን 406 ዶላር ይደርሰዋል። 600ው ሲጨመርበት ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ አንዱ 776፣ ሌላው 1,006 ያገኛል። በጁላይ 2020 መጨረሻ 600ው ሲቋረጥ ግን አንዱ በ406፣ ሌላው በ176 ዶላር ቀረ። በ176 ዶላር ሳምንት በዚህ አካባቢ የቤት ኪራይ መክፈል አይቻልም።

ከዚህም የባሰ የተጎዳው ሁለት ዓይነት ሥራ የሚሠራው ሰው ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው እጅግ ብዙ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ሰዓት በደመወዝ ይሠራል፣ በቀሩት ቀናት ኡበር ይነዳል። ሕጉ ለመደበኛው የሥራ አጥ ክፍያ ጥቂት እንኳ የሚበቃ ደመወዝ ያለው ሰው ፒ.ዩ.ኤ አይገባውም ይላል። በሩብ ዓመት 1,900 ዶላር የጋራዥ ደመወዝ የነበረው ሰው በሜሪላንድ ስሌት 79 ዶላር ሳምንታዊ ክፍያ ይወሰንለታል፤ ዋና መተዳደሪያው የሆነው የኡበር ገቢው ከቁጥር አይገባም። ጋራዥ ባይሠራ ኖሮ 176 ያገኝ ነበር። በኦገስት 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከአደጋ መከላከያ ገንዘብ ላይ በሳምንት 300 ዶላር ጭማሪ ሲፈቅዱ፣ ጭማሪው የሚሰጠው በሳምንት ቢያንስ 100 ዶላር ለሚደርሰው ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ የ79 ዶላሩ ሰው፣ ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ 300ውንም አጣ። ከሁሉ በታች ያለውን ሰው ለይቶ የሚያስቀር መስፈርት በችግር ጊዜ መጻፉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ኮንግረስ ስሕተቱን ያየው በዲሴምበር 2020 ነው፤ ከግል ሥራ ቢያንስ 5,000 ዶላር ለነበራቸው እንዲህ ዓይነት ሠራተኞች በሳምንት 100 ዶላር ተጨመረ። ያለፈው አልተካሰም።

ያው መስመር 31 በሌላም በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ፒ.ፒ.ፒ የተባለው፣ በአግባቡ ከዋለ የማይመለሰው የንግድ ብድር አፕሪል 3 ቀን 2020 ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች ተከፈተ፤ ለግል ሠራተኞች የተከፈተው ሳምንት ዘግይቶ አፕሪል 10 ነው፤ የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ አፕሪል 16 አለቀ። ባንኮች በቅድሚያ ያስተናገዱት አስቀድሞ ብድር የነበራቸውን ደንበኞች ነው፤ ሼክ ሻክ የተባለው የሐምበርገር ሰንሰለት የወሰደውን 10 ሚሊዮን ዶላር የመለሰው ሕዝቡ ከተቆጣ በኋላ ነው። በኋላ ተጨማሪ ገንዘብ ቢመደብም፣ የሾፌሩ ድርሻ የሚሰላው የተጣራ ትርፉ ለ12 ተካፍሎ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ስለሆነ፣ ከላይ ያነሣሁት ሾፌር 3,300 ዶላር ገደማ ብቻ ይደርሰዋል፤ ወጪው ገቢውን የበለጠበት ምንም አይደርሰውም። በማርች 2021 ደንቡ ተለውጦ ስሌቱ ከጠቅላላ ገቢ እንዲነሣ ሲፈቀድ፣ ያው ሾፌር በ52,000ው ተሰልቶ ከ10,800 ዶላር በላይ የሚገባው ሆነ። ሆኖም ብድሩ አስቀድሞ የጸደቀለት ሰው በአዲሱ ስሌት ሊጨመርለት አይችልም ተባለ። ቀድሞ የሮጠው በ3,300 ቀረ፣ የዘገየው ሦስት እጥፍ አገኘ፤ ሁለቱ በአንድ የታክሲ ወረፋ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። በኤም.አይ.ቲው የኢኮኖሚ ምሁር ዴቪድ ኦተር የተመራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፒ.ፒ.ፒ ገንዘብ ሥራቸውን ሊያጡ ለነበሩ ሠራተኞች የደረሰው ከ23 እስከ 34 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው፤ የቀረው በዋናነት ለንግድ ባለቤቶችና ለባለ አክሲዮኖች ገባ።

ሌላ ዓይነት አሠራር ይቻል ነበር ወይ የሚል ሰው ወደ ሰሜን ይመልከት። የካናዳ መንግሥት አፕሪል 6 ቀን 2020 የከፈተው ሰርብ የተባለ ድጋፍ ለደመወዝተኛውም ለግል ሠራተኛውም አንድ በር ነበረው፤ በአራት ሳምንት 2,000 የካናዳ ዶላር፣ ለሁሉም እኩል። አመልካቹ በ2019 ወይም ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 5,000 ዶላር ማግኘቱንና ሥራው በኮቪድ ምክንያት መቆሙን በቃሉ ያረጋግጣል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ገንዘቡ ባንኩ ይገባል። ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተጠቅመውበታል። እዚያም ቢሆን ነገሩ ያለ እንከን አልሄደም፤ በ2020 መጨረሻ የካናዳ ገቢዎች ድርጅት ከ400,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች ገቢያቸውን እንዲያስረዱ ደብዳቤ ላከ፣ ብዙ የግል ሠራተኞችም 5,000ው የተጣራ ነው ወይስ ጠቅላላ የሚለው በግልጽ ስላልተነገራቸው ዕዳ ውስጥ ሊገቡ ነበር። ልዩነቱ መንግሥቱ የሰጠው መልስ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2021 በቅን ልቦና ያመለከቱና ጠቅላላ ገቢያቸው 5,000 የደረሰ የግል ሠራተኞች እንዳይመልሱ ወሰነ። የቶሮንቶ ሾፌር መስመሩን ያልተረዳው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ተቀብለውለታል።

ምንም ያልደረሳቸውም አሉ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው በግልጽ ተከልክለዋል፤ ከታክስ ቁጥር በቀር ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው የመለያ ቁጥር የሌለው ሰው የ1,200 ዶላሩ ተካፋይ አልነበረም። ብዙ ሰው ያላወቀው ግን ቅጣቱ ዜጋ ለሆነው የትዳር ጓደኛም መትረፉን ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆና ቪዛ የምትጠብቅ፣ ታክሱን ግን ከእርሷ ጋር በጋራ የሚያስገባ የአሜሪካ ዜጋ፣ እርሷ ሶሻል ስለሌላት ለእርሱም ለልጆቹም የሚገባውን አጣ። ይህ በዲሴምበር 2020 ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ተስተካክሏል፤ ሆኖም ገንዘቡ የደረሰው ከሁሉ ይበልጥ ካስፈለገባቸው ወራት በኋላ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት በ2021 ከፌዴራሉ ድጋፍ ለተገለሉ ሠራተኞች 2.1 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ለአንድ ሰው እስከ 15,600 ዶላር ሲሰጥ፣ ገንዘቡ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ አልቋል፤ ችግሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ከዚያ ይታወቃል። ወረቀት ያላቸውም ቢሆኑ የፈሩ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2020 ተግባራዊ የሆነው፣ የመንግሥት ጥገኛ የሚሆን ሰው ግሪን ካርድ ይከለከላል የሚለው ደንብ የሥራ አጥ ክፍያን አይመለከትም ነበር፤ ይህን የሚያስረዳቸው አጥተው የሚገባቸውን ሳይጠይቁ የቀሩ ጥገኝነት ጠያቂዎችን አውቃለሁ።

ስለ አገልግሎቱ አስተማማኝነት በአጭሩ እናገራለሁ። ተገልጋዩ የሚቀጥለውን ወር ማቀድ አይችልም ነበር። ዲሴምበር 26 ቀን 2020 ፒ.ዩ.ኤ አበቃ፣ በማግስቱ የሚያራዝመው ሕግ ተፈረመ፤ ግዛቶቹ ሥርዓታቸውን እስኪያስተካክሉ ግን ብዙ ሰው የጃንዋሪን ኪራይ ሳይከፍል አሳለፈ። በ2021 ክረምት ከ20 በላይ ግዛቶች ድጋፉን ከቀኑ በፊት አቋረጡ። የሜሪላንድ ገዥ ላሪ ሆገንም በጁላይ 3 ሊያቆሙት ሲሉ ሠራተኞች ከሰሱ፣ የባልቲሞር ፍርድ ቤትም አገደላቸው፤ ክፍያው እስከ ሴፕቴምበር 2021 መጀመሪያ ቀጠለ። ያ ክስ ባይኖር ኖሮ በሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሾፌር የሁለት ወር ድጋፍ ያጣ ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ የማጭበርበርና «ገንዘቡን መልሱ» የሚሉ ደብዳቤዎች ጉዳይ ነው። የተሰረቀው ገንዘብ ትንሽ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በሥራ አጥ ፕሮግራሞቹ የተጭበረበረውን ከ100 እስከ 135 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። አብዛኛው የሌላ ሰው ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሰረቁ የተደራጁ ወንጀለኞች የተፈጸመ ሲሆን፣ ለእነርሱ የተዘረጋው ቁጥጥር ግን ይበልጥ ያስጨነቀው ስሙን በትክክል የጻፈውን ሰው ነው። በፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ በሥራ ፈቃዱ ላይ የአባቱ ስም የተጻፈበት ኢትዮጵያዊ በመታወቂያ ማረጋገጫው ላይ ተይዞ ይቀር ነበር። የዲሴምበሩ ሕግ የፒ.ዩ.ኤ ተቀባዮች መሥራታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያስገቡ ሲጠይቅ፣ ለነባሮቹ የ90 ቀን፣ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ጀምሮ ለሚያመለክቱት የ21 ቀን ገደብ ነበረው፤ ማሳሰቢያው በኢሜይል የመጣላቸውና ኢሜይል የማይከፍቱ አረጋውያን ሾፌሮች ከዚያ ወዲህ የወሰዱትን ሁሉ እንዲመልሱ ተጠየቁ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጁ ላይ ያለ አንባቢ ሁለት ነገር ይወቅ። ይግባኝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ክፍያው ስሕተት ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ስላልሆነ ዕዳው ይቅርልኝ ብሎ ማመልከት ሌላ ነው፣ ሁለቱንም መጠየቅ ይቻላል። የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2022 ባወጣው መመሪያ ግዛቶች ዕዳውን በጅምላ ሊሰርዙ የሚችሉባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ ከእነዚህም አንዱ ግዛቱ በቂ መመሪያ ሳይሰጥ ወይም ራሱ ተሳስቶ የአመልካቹን ክፍያ በተጣራ ገቢ ፋንታ በጠቅላላ ገቢ ያሰላበት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው «ገቢህን አብዝተህ አስታውቀሃል» የሚል ከሆነ፣ የ2019 ሼጁል ሲን፣ በዚያን ጊዜ ያስገባችሁትን ወረቀት ቅጂና ግዛቱ የላከላችሁን የመጀመሪያ የክፍያ ውሳኔ አንድ ላይ አድርጋችሁ፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው የይግባኝ ቀን ሳያልፍ ነጻ አገልግሎት ወደሚሰጥ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ይዛችሁ ሂዱ። ገደቡ ካለፈም ደብዳቤው በማታነቡት ቋንቋ ብቻ እንደተላከ አስረድታችሁ፣ የዘገየ ይግባኝ እንዲቀበሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።